ዝጉ መስመር ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልገው

እትዬ ሙሉ ማረፏን የሰማሁት በስልክ ነው። በሌላ በምን ሊሆን ኖሯል! የደወለልኝ ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ ሰው ልጅ ነው። «አባዬ ንገርልኝ ብሎኝ ነው፤ ሙሉእመቤት የሚባሉ ሴት አሰላ ላይ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ ነው» አለኝና ዘጋው። እንደምን ዋሉ የለ፣ ደህና ነዎት የለ። ስልኩን እንደያዝኩ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ይኼን ልጅ እትዬ ሙሉ ብታገኘው ኖሮ መስመር አታስገባውም ነበር» የሚል ነው። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ሰዓት ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ከቤት ሆና የመሥሪያ ቤቷ የኮምፒውተር መረብ ውስጥ ለመግባት ትታገላለች። የግል መረብ ነው አሉ፤ ማንም ዘው አይልበትም። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ይሁን፣ ይኼ ፕሮግራም ይጫን፣ የይለፍ ቃል ይግባ፣ የይለፍ ቃሉም ጊዜው አልፎበታልና ይቀየር እያለ የሚያዛትን ጮክ ብላ ታነብልኛለች። «አባዬ፣ በእናንተ ጊዜ ይኼ ሁሉ ጣጣ ስላልነበረ ታድላችሁ» አለችኝ።

ነበረ እንጂ! ናዝሬት ላይ ነበረ፤ ዛሬ አዳማ በምንላት።

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመስኖ እርሻ ድርጅት የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበርኩ። ድርጅቱ አዋሽን ተከትለው የተዘረጉ እርሻዎች፣ የፓምፕ ቤቶችና የሠራተኛ ካምፖች ነበሩት። እነዚህን ሁሉ ከዋናው ቢሮ ጋር የሚያገናኝ የራሱ የስልክ ሽቦም ነበረው። ሽቦው ከከተማው ስልክ ጋር ስለማይገናኝ «ዝጉ መስመር» እንለዋለን። ከውጭ ማንም ሊደውልበት አይችልም። የእኛም ሰው ቢሆን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ለመነጋገር መጀመሪያ ናዝሬት ማዞሪያው ላይ የተቀመጠችውን ስልከኛ ማለፍ አለበት። ስልከኛዋ እትዬ ሙሉ ነበረች።

ከጣቢያ የራቀ ሰው፣ በሉ የቦይ ተቆጣጣሪ ወይም እንደኔ ያለ ጠጋኝ፣ መንገድ ላይ ሆኖም መስመሩ ውስጥ መግባት ይችላል። የሚፈልገው በቆዳ ማኅደር ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የሜዳ ስልክ፣ ያልደከመ የባትሪ ድንጋይና ሁለት መቆንጠጫ ያለው ሽቦ ነው። ምሰሶ ላይ ትወጣለህ፣ መቆንጠጫዎቹን ሽቦዎቹ ላይ ታስነክሳለህ፣ እጀታውን ታዞራለህ፤ ናዝሬት ደወሉ ይንጫረራል። የዕቃው ነገር ይኼው ነው። እትዬ ሙሉ ግን የሜዳ ስልክ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ «ዕቃውንስ ያዝክ፤ ልቡን ይዘሃል?» ሳትል አትለቅም።

እኔም በተቀጠርኩ ሰሞን ተጠየቅኩ።

«የምን ልብ?» አልኳት።

«ምሰሶ ላይ ወጥተህ ስትደውል መጀመሪያ ምን ትለኛለህ?»

«ከፓምፕ ቤት ጋር አገናኚኝ እላለኋ።»

«አትገባም!» አለችኝ። «ወንድሜ፣ ሰው ቤት ስትሄድ በሩ ላይ ቆመህ ውሃ ስጡኝ ነው የምትለው? ሰላም ትለኛለህ፤ እኔም ሰላም እልሃለሁ። ስለ ቤትህ እጠይቅሃለሁ፤ አንተም ስለ ቤቴ ትጠይቀኛለህ። እስከዚያ ማን እንደሆንክ አውቄ እጨርሳለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ወሬ የምትወድ ሴት መስላኝ ነበር። መልኳም አሳሳተኝ። ጸጉሯ አፍሮ ነው፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ ቀይ ነው፣ በዚያ ሁሉ ካኪ መካከል ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ እየተንኳኳች ትገባለች። የንዑስ ከበርቴ ጠባይ እየተባለች በስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ተገምግማለች! ጥፍሯን እያየች ታዳምጥና «ተቀብያለሁ» ትላለች፤ በማግስቱ ቀለሙ ይታደሳል።

ውሎ አድሮ ነው ጉዷን ያየሁት። መስመሩ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ በሰላምታው ነበር የምታውቀው። የወሎው መካኒክ ሼህ ይመር ሰላምታቸውን የሚጀምሩት በዱዓ ነው፤ እሷም አሜን እያለች ትከተላቸዋለች። የመቂው የሽንኩርት እርሻ ኃላፊ ጉንፋኗን ሳይጠይቃት አያልፍም። ሌላው የሚስቱን እርግዝና፣ ሌላው የቤቱን ቆርቆሮ ያወራታል። ከዚያም አልፎ ደወሉን ብቻ ሰምታ፣ ገና ድምፅ ሳይመጣ፣ «ይኼ እገሌ ነው፤ ዛሬ ተናዷል» ትላለች። እጀታውን ከሚያዞርበት ጉልበት ነው። ስትሳሳት አላየሁም።

አንድ ቀን በቀለ የሚባል ቀልደኛ ሾፌራችን ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሥራ አስኪያጁን ድምፅ አስመስሎ ደወለ። ሥራ አስኪያጁን አጠገቤ አስቀምጬ እንኳ ቢሆን እኔ እታለል ነበር። እሷ ግን «በቀለ፣ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ እናቴን ነው የሚጠይቁኝ። ይልቅ ጃንጥላዬን መልስ» ብላ ዘጋችበት።

ከሁሉም የምትወዳቸው ኦቦ ገመዳ የሚባሉትን ሽማግሌ ነበር። ከአርሲ ተራሮች ወርዶ አዋሽ የሚገባ አንድ ገባር ወንዝ አለ፤ ኦቦ ገመዳ ከወንዙ ላይኛው በኩል፣ ድልድዩ አጠገብ ተቀምጠው የውሃውን ከፍታ እያዩ የሚያሳውቁ ዘበኛ ናቸው። ከእትዬ ሙሉ ጋር ለዓመታት በየቀኑ በኦሮምኛ ያወራሉ እንጂ ተያይተው አያውቁም። የኦቦ ገመዳ ሰላምታ ረጅም ነው። «ነጋዳ?» ትላቸዋለች፤ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። «ነጋ» ይላሉ። ልጆቹ ነጋ? ነጋ። እናትሽ ጉልበቷ ነጋ? ነጋ። ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ እህሉ እያለ ይወርዳል። ከብቶቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ከከብቶቹ በኋላ የውሃው ልክ ይነገራል።

አንድ ማለዳ እንደልማዳቸው ነጋ፣ ነጋ ሲሉ ቆዩና ከብቶቹንም ጨርሰው «ትናንት ልጄን ቀበርኩ» አሏት። እትዬ ሙሉ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ገርሞኝ «ታዲያ ምኑን ነው ሰላም ነው ሲሉሽ የቆዩት?» አልኳት።

«መጀመሪያ ሰላም ነው የሚባለው» አለችኝ። «ክፉ ወሬ ሰላምን ቀድሞ አይወጣም። አንተ ኦቦ ገመዳን አታውቃቸውም፤ ቤታቸው እየተቃጠለ እንኳ ነጋ ይላሉ።»

በዚህ መሀል ነው ጓድ ታሪኩ የሚባል የፖለቲካ ኃላፊ የተመደበልን። ለአገሩ አዲስ ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም። ክፉ ሰው ነበር ልል አልችልም፤ ስህተት እንዳይገኝበት የሚፈራ ሰው ነበር። በመጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ያልታወቀ ሰው የሜዳ ስልክ መስመራችን ላይ ሰክቶ፣ እትዬ ሙሉ በሌለችበት፣ ተተኪዋን ስልከኛ አታሎ የናፍጣ በርሜሎች አስጭኖ ወሰደ። ጓድ ታሪኩ ስብሰባ ጠራ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም የይለፍ ቃል ሳይናገር አይገናኝም፤ ቃሉ በየሰኞው ይለወጣል፤ ለጣቢያዎቹም በመኪና ይደርሳል አለ። ቃሉን ሳትቀበል ያገናኘች ስልከኛ እንደ አሻጥረኛ ትታያለች። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል ምን እንደሚያስከትል ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

እትዬ ሙሉ እጇን አውጥታ «ቃልማ ይሰረቃል ጓድ» አለች። «በመኪና የሚዞር ቃል ደግሞ ሾፌሩም ያውቀዋል፣ ረዳቱም ያውቀዋል።»

ሰው ሳቀ። ጓድ ታሪኩ አልሳቀም። «ጓድ ሙሉእመቤት፣ እርስዎ በተለይ ቢጠነቀቁ ይሻላል» አላት። ወንድሟ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተወስዶ ያልተመለሰ ወጣት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሟ በጥርጣሬ መዝገብ እንዳለ እሷም እኛም እናውቃለን። የምታሳድጋቸው ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ከእሷ በቀር ማንም የላቸውም። ስለዚህ እጇን አውርዳ ተቀመጠች።

የነሐሴ አንድ ቀትር ነው። ናዝሬት ላይ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። እኔ የማዞሪያውን የላላ ገመድ አጠብቃለሁ። ጓድ ታሪኩ መመሪያው በሥራ ላይ መዋሉን ሊያጣራ መጥቶ ትርፉን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደግኖ አጠገቧ ተቀምጧል። የድልድዩ ጣቢያ ደወለ። ደወሉ እንደወትሮው ረጋ ያለ አልነበረም።

«የይለፍ ቃል?» አለች እትዬ ሙሉ።

«ምርት» አሉ ኦቦ ገመዳ።

ያለፈው ሳምንት ቃል ነው። ከሰኞ ጀምሮ «ንቃት» ሆኗል። ላይኛው አገር መንገዱ ጨቅይቶ መኪናው ስላልደረሰ እሳቸው አልሰሙም። ጓድ ታሪኩ ዝጊው የሚል ምልክት በእጁ አሳየ። እትዬ ሙሉ ወደ መናገሪያው ጠጋ ብላ በቀስታ «ኦቦ፣ ነጋዳ?» አለች።

ከዚያ እኔ ድረስ የተሰማ የሻከረ ድምፅ መጣ፤ «ነጋ ሚቲ» አለ። ቀጥሎም «ቢሻን ዱፋ ጅራ!» ከዚያ መስመሩ ተንጫጫና ጠፋ።

የእትዬ ሙሉ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«ምን አለ?» አለ ጓድ ታሪኩ። «ምኑ ነው የነጋው? በቀትር ምን ነጋ ይላል? ምልክት ነው ይኼ! ማንን ነው ነጋ የሚለው?»

«ሰላም አይደለም ነው ያሉት። ውሃ እየመጣ ነው።»

«የምን ውሃ? እስቲ ውጭውን ይመልከቱ!»

«ላይ ዘንቦ ይሆናል፤ ተራራው ላይ።»

ገባሩ ወንዝ አዋሽ የሚገባበት ላይ፣ ዝቅተኛው ቦታ፣ ለአረም የመጡ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው የሰፈሩበት ካምፕ አለ። ብዙዎቹ ከወላይታና ከከምባታ የመጡ ናቸው፤ ቤታቸው የሣር ጎጆ ነው። ጓድ ታሪኩም የት ሊደወል እንደሆነ ገባው።

«ቃሉን አያውቅም» አለ። «ሥራ እንዲፈታ የሚፈልግ ሰው ነው። ያንን ሁሉ ሠራተኛ በሐሰት ወሬ ከእርሻ ቢያስወጡ ማን ይጠየቃል? እርስዎ ነዎት! የወንድምዎ ጉዳይ እንዳለ ደግሞ አይርሱ።»

«ጓድ፣ እኚህ ሰው ልጃቸውን ቀብረው ነጋ ብለውኛል» አለች እትዬ ሙሉ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ዛሬ ነጋ አላሉኝም።»

ይኼን ብላ የካምፑን ገመድ አንስታ ሰካች። ጓድ ታሪኩ ገመዱን ከነእጇ ያዘ። እኔ ከተንበረከኩበት መነሳት አቃተኝ። ብዙ ጀግና ሲወራ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

«እጅዎን ያንሱልኝ» አለችው። «እዚያ ሕፃናት አሉ። እኔን በኋላ ያገኙኛል፤ የት እሄዳለሁ?»

እጁን አነሳ። ለምን እንዳነሳ ዛሬም አላውቅም። እጀታውን አዞረች፤ የካምፑ ፎርማን ጩፋሞ ሲያነሳ «ጩፋሞ፣ ሰላም አልልህም። ሰዉን ሁሉ አሁኑኑ ወደ ጉብታው አውጣ፤ ዕቃ የሚሰበስብ አይኑር» አለችውና ዘጋች። ጩፋሞ በኋላ ሲያጫውተን «የይለፍ ቃልም ትዝ አላለኝ፤ እትዬ ሙሉ ሰላም ሳትለኝ ስትቀር ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ» ብሎናል። አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው የሮጠው።

ጓድ ታሪኩ እትዬ ሙሉን ከማዞሪያው አስነስቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና በሩ ላይ ጥበቃ አቆመ። «ውሃው ከመጣ እናያለን፤ ካልመጣ ደግሞ እናያለን» አለ። እኔን ማዞሪያው ላይ አስቀመጠኝ። ያን ከሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዜር ይወቀው። ፀሐዩ በመስኮቱ እየገባ ጭራሽ ይደምቃል። ሊስትሮዎቹ ውጭ ይሳሳቃሉ። እትዬ ሙሉ ከቦርሳዋ ዳንቴሏን አውጥታ መሥራት ጀመረች፤ አንዲቷን ረድፍ እየሠራች መልሳ ትፈታታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ «ደረጀ፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ ሰው ካጣሁ ላንተ አደራ» አለችኝ። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ካምፑ ደወለ። ገመዱን ሰካሁ።

«ቤቱን ሁሉ ወሰደው!» ይላል ጩፋሞ፤ ከኋላው ጩኸት ይሰማል። «ሁሉን ጠራርጎ ወሰደው! ሰው የለም!»

«ሰው የለም ይላል» አልኩ። ጓድ ታሪኩ ብድግ አለ፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«የት ነው የሌለው?» ብላ ጮኸች እትዬ ሙሉ። «ጠይቀው እንጂ!»

ጠየቅኩት። «ቤቱ ውስጥ ነዋ!» አለኝ ጩፋሞ። «ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ሁላችንም ጉብታው ላይ ነን፤ የምደውልልህም ከዚሁ ምሰሶ ላይ በሜዳ ስልክ ነው። ቆጥሬያለሁ፤ አንድም አልጎደለም።»

ስነግራቸው ጓድ ታሪኩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ ሙሉ ዳንቴሉን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «ኦቦ ገመዳስ?» አለች።

የድልድዩን ጣቢያ ደጋግሜ ደወልኩ። መልስ የለም። በማግስቱም የለም።

ጉዳዩ ለስብሰባ ቀረበ። ውጤቱ መልካም ቢሆንም መመሪያ ተጥሷል ተባለ፤ የእትዬ ሙሉ ያለፈ ታሪክም ተነሳ። ከማዞሪያው ተነስታ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ቧንቧና ብሎን እንድታስረክብ ተወሰነ። ውሳኔውን ያነበበው ጓድ ታሪኩ ነው፤ አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። ሌላው ቢሆን ያለቅስ፣ ይለምን ወይም ይሳደብ ነበር። እሷ «ኦቦ ገመዳ መኖር አለመኖራቸውን የሚያጣራ ሰው ይላክልኝ» ብላ ብቻ ተነሳች። መንገዱ ተቆርጧል ተባለች። መጋዘኑም ውስጥ ጥፍሯ ቀይ፣ ጫማዋ ባለ ተረከዝ ነበር፤ ግን መሳቅ ትታለች።

አንድ ጠዋት ማዞሪያው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ደርቆባቸዋል፤ በአንድ ትከሻቸው የሜዳ ስልክ አንጠልጥለዋል። አማርኛቸው ስብርብር ያለ ነው። «ስልከኛዋን ነው የምፈልገው» አሉ። ድምፁን ሳውቀው ከመቀመጫዬ ተፈናጠርኩ።

ያን ዕለት መስመሩ ሲጠፋ የጥበቃ ጎጆውን ውሃው ወስዶት፣ እሳቸው ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የተረፉት። ከዚያ እየተጓዙ፣ ሲደክማቸው ዘመድ ቤት እያረፉ፣ በመጨረሻም በሽንኩርት መኪና ተጭነው ናዝሬት ደርሰዋል። «ምነው ኦቦ፣ መንገዱ ተጠግኖ መኪና እስኪላክልዎ ባይነሱ?» አልኳቸው።

«ያን ቀን ነጋ ሳልላት ዘጋሁ» አሉኝ። «እናቷን አልጠየቅኩ፣ ልጆቿን አልጠየቅኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። እንቅልፍ ነሳኝ።»

ወደ መጋዘኑ ስወስዳቸው መንገድ ላይ ከብቶቻቸውን በሙሉ ጎርፉ እንደወሰደባቸው ነገሩኝ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ እንዳትነግራት። ተራው ሲደርስ እኔ እነግራታለሁ» አሉኝ።

እትዬ ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታ ቧንቧ ትቆጥራለች። ኦቦ ገመዳ ደጃፉ ላይ ቆመው «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉ። ልጄ፣ እንደምን አደርሽ ማለታቸው ነው። ቧንቧው ከእጇ ወደቀ። ቶሎ አልዞረችም፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ዞረች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። መጥታ ሁለት እጃቸውን ያዘች፤ «ነጋዳ፣ ኦቦ?» አለች።

«ነጋ» አሉ ኦቦ ገመዳ።

ጀመሩ። ልጆቹ ነጋ? ነጋ። እናትሽ ጉልበቷ ነጋ? ነጋ። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ አትጠርገውም፤ እጆቻቸውን መልቀቅ አልፈለገችም። የግምጃ ቤት ኃላፊው፣ ጥበቃው፣ ሾፌሩ በቀለ አንድ አንድ እያለ ሁሉም መጥቶ ከበባቸው። ዝናቡ ጋ ሲደርሱ ጓድ ታሪኩ ከቢሮው ወጥቶ መጣ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ። «የሥራ ሰዓት አይደለም እንዴ?»

እትዬ ሙሉ እጃቸውን እንደያዘች ፊቷን ብቻ ወደ እሱ መለስ አደረገች።

«ጓድ ታሪኩ፣ ትንሽ ይታገሡን» አለችው። «ገና ከብቶቹ ጋ አልደረስንም።»